በጧሪና በቀባሪ መካከል፦ ቤት የዋሉ አረጋውያንን የመጠየቅ ሐቅ በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋዎች

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

መግቢያ

አማርኛ የእርጅናን ስጋት በሁለት ቃላት ይገልጸዋል፤ ጧሪና ቀባሪ። ጧሪው በድካም ዘመን የሚያበላ፣ የሚያለብስና የሚያስታምም ነው። ቀባሪው ነፍስ ስትወጣ አጥቦ፣ ከፍኖ፣ ሰግዶበት ወደ ቀብር የሚያደርስ ነው። ሁለቱም ተግባራት በማኅበረሰባችን ባለቤት አላቸው። ለመጦር ልጆችና ዘመዶች፣ ዘካና ሰደቃ፣ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህም በልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም መሥራት ለማይችሉ ሰዎች የሚሰጠው ቀጥተኛ ድጋፍ አለ። ለመቅበር በከተማ እድር፣ በወሎ ገጠር ቅሬ አለ። ለቅሶ ያልደረሰ ይቀጣል፤ ቀብር የሚቆፍረው ተራው የታወቀ ነው።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል ግን ሌላ ሰው ያስፈልጋል፤ ጠያቂ። አዛውንቱ በልቶ እያደረ፣ ገና በሕይወት እያለ፣ ደጁን አልፎ ገብቶ «እንዴት ዋሉ?» የሚለው፣ አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚያጫውተው ሰው ማለት ነው። ለዚህ ሰው ተራ አልወጣም፤ ቢቀርም የሚቀጣው የለም። ብዙ ጊዜ ኢማሙ የአንድ አዛውንት ስም የሚሰማው ለጀናዛ ሰላት ሲጠራ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። አረጋዊን ቤቱ ድረስ ሄዶ መጠየቅና ማጫወት ከቀለብ የተለየና ራሱን የቻለ ሐቅ ነው። በዋግ ኽምራ ደጋዎች ለሚኖረው ሙስሊም ደግሞ ይህን ሐቅ በሥርዓት ለማድረስ ከመስጂድ የቀረበ ተቋም የለውም። ቀጥሎ የሸሪዓውን መሠረት፣ የአካባቢውን ሁኔታ፣ የጤና ጥናቶችን ውጤትና የተግባሩን አደብ በየተራ እንመለከታለን።

የጉዳዩ ወሰን

በቋንቋችን «መጠየቅ» ሁለት ትርጉም አለው፤ አንዱ ጥያቄ ማቅረብ፣ ሌላው ሄዶ ማየት ነው። ታማሚ ይጠየቃል፤ አራስ ትጠየቃለች፤ የታሰረ ይጠየቃል። ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ቃል መገናኘታቸው ትምህርት አለው። የሚጠይቅ ሰው ሄዶ ያያል፤ አይቶም ስለ ሰውየው ለማወቅ ይፈልጋል። እህል አድርሶ ከደጅ የሚመለስ ሰው ረድቷል፤ ጠይቋል ለማለት ግን ያስቸግራል።

ብቻ መሆንና ብቸኝነትም አንድ አይደሉም። ብቻውን የሚኖር አዛውንት ዚክሩንና ጎረቤቱን ይዞ ብቸኝነት ላይሰማው ይችላል። በአንጻሩ ልጅና የልጅ ልጅ በሞላበት ቤት ጥግ ይዞ የሚውል፣ ጆሮው ስለደከመ ጨዋታው የሚያልፈው፣ ከምግብ ሰዓት በቀር ማንም የማያናግረው አዛውንት ብቸኛ ነው። ስለዚህ «ልጆቹ አብረውት ናቸው» የሚለው መልስ ሁልጊዜ በቂ አይሆንም።

የሸሪዓው መሠረት

ስለ ወላጆች እርጅና በግልጽ የሚናገረው የሱረቱል ኢስራእ 23ኛና 24ኛ አንቀጽ የሚያዝዘውን ነገር ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። አንቀጾቹ ወላጆች አንዳቸው ወይም ሁለቱም ልጃቸው ዘንድ ሳሉ እርጅና ሲደርሱ ልጁ «ኡፍ» እንዳይላቸው፣ እንዳይገላምጣቸው፣ የክብር ንግግር እንዲያናግራቸው፣ በእዝነት ዝቅ እንዲልላቸውና ዱዓ እንዲያደርግላቸው ያዝዛሉ። ችግረኛ ወላጅን መቀለብ አቅም ባለው ልጅ ላይ ግዴታ መሆኑ በሌሎች ማስረጃዎችና በዑለማዎች ስምምነት የጸና ነው። ይህ አንቀጽ ግን በቀጥታ የሚናገረው ስለ አንደበት፣ ስለ ፊትና ስለ ቅርበት ነው። እርጅና ከዳቦ ሌላ የሚጠይቀው ነገር እንዳለ ከዚህ በላይ ግልጽ ማስረጃ አያሻም።

ኢማም ሙስሊም የዘገቡት ሐዲሰ ቁድሲይም ይህን ልዩነት ያጸናል። በቂያማ ቀን አላህ የአደምን ልጅ ታማሚውን ስላለመጠየቁ፣ የተራበውን ስላለማብላቱና የተጠማውን ስላለማጠጣቱ ይወቅሰዋል። ለሁለቱ፣ ማለትም ለማብላትና ለማጠጣት፣ የተነገረው ምላሽ ያንን ቢያደርግ ኖሮ ምንዳውን አላህ ዘንድ ያገኘው እንደነበር ነው። ስለ መጠየቅ የተነገረው ግን ይለያል፤ ታማሚውን ቢጠይቀው ኖሮ አላህን እርሱ ዘንድ ያገኘው እንደነበር ነው። ማብላትና መጠየቅ በአንድ ሐዲስ ጎን ለጎን ተቆጥረዋል፤ አንዱ የሌላው ምትክ አልሆነም።

«አዛውንት ሁሉ ታማሚ ነውን?» የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። ኢማሙል ቡኻሪ በሰሒሓቸው ታማሚን የመጠየቅ ግዴታነት የሚል ርእስ ያለው ባብ ከፍተዋል። ብዙዎቹ ፉቀሃእ ተግባሩ የጠነከረ ሱና ነው ሲሉ፣ ፈርደ ኪፋያ ነው ያሉም አሉ። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘይድ ኢብኑ አርቀምን (ረ.ዐ) ዓይናቸውን ባመማቸው ጊዜ ጠይቀዋቸዋል። ከዚህ እንደምንረዳው መጠየቅ ለሞት ለተቃረበ ሰው ብቻ የተደነገገ አይደለም። ዓይኑ የደከመ፣ ጉልበቱ የያዘው፣ ከቤት መውጣት የተሳነው አረጋዊ በትርጉሙ ውስጥ ይገባል። በተጨማሪ አዛውንትን ማክበርን የሚያዝዙት፣ ትልቁን ያላከበረ ከእኛ አይደለም የሚል ይዘት ያላቸው፣ በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ የተዘገቡት ሐዲሶች ታማሚነትን ቅድመ ሁኔታ አላደረጉም።

ከሲራው አራት ምሳሌዎች

የመጀመሪያው የአቡ ቁሓፋ ነው። መካ በተከፈተችበት በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ አቡበክር (ረ.ዐ) ያረጁና ዓይናቸው የጠፋ አባታቸውን እጃቸውን ይዘው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አመጡ። ነቢዩም ሽማግሌውን ለምን ከቤታቸው እንዳልተዋቸው ጠየቁ፤ ራሳቸው ሊሄዱላቸው ይፈልጉ ነበርና። ከዚያም አስቀምጠው ደረታቸውን በእጃቸው ዳሰሱ። ይህን ኢማም አሕመድና ኢብኑ ሒባን ዘግበውታል። ይህ ቃል የተነገረው በድል ቀን፣ ትልቅ ጉዳይ በተደራረበበት ሰዓት፣ ገና ላልሰለሙ አዛውንት መሆኑን ማስተዋል ይገባል። ወደ አዛውንቱ መሄድ ከመሪ ሥራ በታች ቢሆን ኖሮ በዚያ ቀን አይታሰብም ነበር።

ሁለተኛው የዒትባን ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ነው። የዓይናቸው ብርሃን ደክሞ ነበር፤ ዝናብ ሲጥል በቤታቸውና በመስጂዳቸው መካከል ያለው ሸለቆ በጎርፍ ይሞላና መሻገር ያቅታቸው ነበር። ነቢዩ ቤታቸው መጥተው እንዲሰግዱላቸው፣ ያንን ቦታ መስገጃ እንዲያደርጉት ለመኑ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከአቡበክር ጋር ሄዱ፤ ከመቀመጣቸው በፊት የት እንዲሰግዱ እንደሚፈልጉ ጠየቁ፤ ሰገዱ፤ ከቀረበላቸውም ማዕድ የተነሳ ቆዩ፤ የሰፈሩም ሰዎች እቤቱ ተሰበሰቡ። ታሪኩ በቡኻሪና በሙስሊም ይገኛል። መስጂድ መምጣት ላቃተው ሰው ጀማዓው ወደ ቤቱ መጣ ማለት ነው።

ሦስተኛው የኡሙ አይመን (ረ.ዐ) ነው። ነቢዩን በልጅነታቸው ያሳደጉ ሴት ናቸው፤ ነቢዩም ይጠይቋቸው ነበር። ሙስሊም እንደዘገቡት አንድ ቀን መጠጥ አቅርበውላቸው ነቢዩ ሳይጠጡ ሲቀሩ፣ እናት ልጇን እንደምትቆጣ ተቆጥተዋቸዋል። ከነቢዩ ሞት በኋላ አቡበክር ዑመርን (ረ.ዐ) ይዘው፣ ነቢዩ ያደርጉት እንደነበረው ሊጠይቋቸው ሄዱ። አዛውንቷ አለቀሱ። ምክንያቱን ሲጠየቁ ከሰማይ የሚወርደው ወሕይ በመቋረጡ መሆኑን ተናገሩ፤ ሁለቱም አብረው አለቀሱ። በዚህ ዘገባ ውስጥ ይዘው የሄዱት ስንቅ አልተጠቀሰም፤ የፈቱት ችግርም የለም። የአንዲትን አዛውንት ሐዘን ሰምተው ተካፈሉ፤ ዘገባው የሚያበቃው በዚሁ ነው።

አራተኛው መስጂዱን ይጠርግ የነበረው ሰው ታሪክ ነው፤ ሴት መሆኗ በብዙ ዘገባ ተጠቅሷል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲያጧት ጠየቁ፤ መሞቷ ተነገራቸው። ሰዎቹ ጉዳይዋን አሳንሰው ስላዩት አልነገሯቸውም ነበር። ነቢዩ ስላልተነገራቸው ወቅሰው፣ ቀብሯን አሳይተዋቸው ሄደው ሰገዱባት። ይህም በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። የኢማም ዓይን ከሰፉ ውስጥ የጎደለውን መለየት እንዳለበት ከዚህ እንማራለን።

ሩኽሳው የሚያስከትለው መሰወር

ሸሪዓችን ለአዛውንት ብዙ ነገር አግርቷል። መሄድ ያቃተው ከጁሙዓና ከጀማዓ ይቀራል። መቆም ያቃተው ተቀምጦ ይሰግዳል። መጾም የማይችል ሽማግሌ ወይም አሮጊት፣ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) የሱረቱል በቀራህን 184ኛ አንቀጽ እንዳብራሩት፣ ለየቀኑ አንድ ሚስኪን ያበላል። እነዚህ ሁሉ እዝነት ናቸው።

ነገር ግን ያልታሰበ ውጤት አላቸው። አዛውንቱ በጁሙዓ ሲቀር ማንም አይደነግጥም፤ ዑዝር አለው። አንድ ጁሙዓ፣ ሁለት ጁሙዓ፣ ከዚያ ዓመት ያልፋል። መጀመሪያ ከሰፉ፣ ቀጥሎም ከጨዋታው ይጠፋል። በረመዳን ፊድያ የሚሰጠው አዛውንት መስጂድ ሄዶ ከሚያፈጥረው ጀማዓ ተለይቶ ቤቱ ይቀራል። ሌላው ሲደሰትበት የሚውለው ወር ለእርሱ የብቸኝነት ወር ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ሩኽሳው በአንድ በኩል ከአዛውንቱ ላይ ሸክም ሲያነሳ፣ በሌላ በኩል በጀማዓው ላይ ኃላፊነት ያስቀምጣል። እርሱ መምጣት ካልተገደደ እኛ መሄድ ይኖርብናል። የዒትባን ታሪክም ያሳየን ይህንኑ ነው።

የዋግ ኽምራ ሁኔታ

ዋግ ኽምራ በአማራ ክልል ሰሜን ምሥራቅ የሚገኝ፣ ሰቆጣን ዋና ከተማው ያደረገ ዞን ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ከ420 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበረው። ነዋሪው በአብዛኛው አገው ሲሆን ኽምጣናና አማርኛ ይናገራል። ከሕዝቡ እጅግ የሚበዛው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስትና ተከታይ ነው፤ ሙስሊሙ ቁጥሩ አነስተኛ ነው። ሰቆጣ ከአፋር ዝቅተኛ ቦታዎች የሚመጣው አሞሌ ጨው የሚራገፍባትና የሚከፋፈልባት የታወቀች ገበያ ነበረች፤ የሙስሊም ነጋዴዎች ታሪክም ከዚህ ንግድ ጋር የተያያዘ ነው።

መልክዓ ምድሩ ለጉዳያችን ትልቅ ትርጉም አለው። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካላቸው ደጋዎች ወደ ተከዜና ወደ ጽራሬ ሸለቆዎች የሚወርደው ምድር በገደልና በወንዝ የተቆራረጠ ነው። ሙስሊሙ ጥቂትና የተበታተነ በመሆኑ የአንድ አዛውንት ቤት ከመስጂድ የአቀበትና የቁልቁለት ጉዞ ሊለየው ይችላል። በክረምት ወንዝ ሲሞላ የዒትባን ሸለቆ እዚህም አለ።

ታሪኩም በእነዚህ አዛውንቶች ትከሻ ላይ አርፏል። ዛሬ ሰባ ዓመት ያለፋቸው በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ የሠላሳ ዓመት ጎልማሶች ነበሩ። ያኔ ዋግ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ሆና ክፉኛ ከተጎዱት አውራጃዎች አንዷ ነበረች። ሞት ያልለየውን ቤተሰብ ሰፈራ ለየው፤ ከወሎ ብዙ ሺህ ሰዎች ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋና ወደ ኢሉባቦር ተወሰዱ። ከዚያ ወዲህ ወጣቱ በሥራ ፍለጋ ወደ ሁመራና መተማ የሰሊጥ እርሻ፣ ወደ ከተሞች፣ አልፎም ወደ ዓረብ አገር ይሄዳል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ከአበርገሌና ከጻግብጂ ወረዳዎች ብዙ ቤተሰቦች ተፈናቅለው ሰቆጣና አካባቢዋ ተጠለሉ። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ድርቅ ዝቋላን፣ ሳህላንና አበርገሌን ጎዳ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚችለው ይሄዳል፤ መሄድ ያልቻለው ይቀራል። የተፈናቀለ አዛውንት ቢሆንም እንኳ አጥሩን፣ ጎረቤቱንና የሚያጫውተውን ሰው ትቶ የመጣ ነው።

የሰቆጣ ስም በአገር ደረጃ የሚታወቅበት አንድ ጉዳይ አለ። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሁለት ዓመት ዕድሜ ያልሞላቸው ሕፃናት የሚደርስባቸውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስወገድ የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ ተሰይሟል። የሕፃኑ ቁመት ይለካል፤ ክብደቱ ይመዘገባል። ይህ ትልቅ በጎ ሥራ ነው። የአዛውንቱን ብቸኝነት ግን የሚመዘግብ የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ይደነግጋል፤ የአቅም ገደቡ ግን በድርቅ ቀበሌ ውስጥ ወዲያው ይታያል። በአዲስ አበባ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ እንደሚሠራው መቄዶንያ ያሉ ማዕከላት መጠጊያ ያጡትን ሰብስበው ያኖራሉ። አብዛኛው የዋግ አዛውንት ግን ቤት አለው፤ ከቤቱም መውጣት አይፈልግም። የሚያስፈልገው በዚያው በቤቱ ሳለ የሚመጣለት ሰው ነው።

የጤና ጥናቶች ምን ያሳያሉ?

በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት 148 ቀደም ያሉ ጥናቶችን በአንድ ላይ መርምሯል። በጥናቶቹ 308,849 ሰዎች ተካተዋል። ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በጥናቱ ዘመን በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ግንኙነታቸው ከላላው በ50 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ያቋቋመው የማኅበራዊ ትስስር ኮሚሽን በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ከስድስት ሰዎች አንዱ ብቸኝነት እንደሚያጠቃውና በዓመት ከ871,000 በላይ ሞት ከዚህ ጋር እንደሚያያዝ ገልጿል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያዋቀረው ኮሚሽን በ2024 እ.ኤ.አ. ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡና ሊቀነሱ ከሚችሉ 14 ምክንያቶች መካከል ከሰው መነጠልንና የመስማት መድከምን ቆጥሯል።

እነዚህን ቁጥሮች ስንጠቅስ ጥንቃቄ ይገባናል። ጥናቶቹ በብዛት የተሠሩት በበለጸጉ አገሮች ነው። የታመመ ሰው ራሱ ከሰው ሊርቅ ስለሚችል መንስኤውንና ውጤቱን መለየትም ቀላል አይደለም። ቢሆንም መንገዱ በእኛም አገር የሚታወቅ ነው። ብቻውን የሚበላ አዛውንት ምግብ ያሳንሳል። መድኃኒቱን የሚያስታውሰው የለም። ቢወድቅ የሚያነሳው ዘግይቶ ይደርሳል። በየሳምንቱ የሚመጣ ሰው ግን ባለፈው ሳምንት ያልነበረውን ለውጥ ያያል፤ ልብሱ መስፋቱን፣ ንግግሩ መዛባቱን፣ እግሩ ማበጡን። ይህን ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቢነግር፣ አዛውንቱ በጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሰቆጣ ወደሚገኘው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ሊደርስ ይችላል።

የዚያራው አደብ

ጥሩ ሐሳብ በአደብ ጉድለት ሊበላሽ ስለሚችል የሚከተሉትን ነጥቦች ለጠያቂዎች ማስተማር ያስፈልጋል።

ፈቃድ መጠየቅ ይቀድማል። ሱረቱ ኑር በ27ኛውና በ28ኛው አንቀጽ ያለ ፈቃድና ያለ ሰላምታ የሰው ቤት መግባትን ይከለክላል፤ «ተመለሱ» ከተባለም መመለስን ያዝዛል። አዛውንትነት የቤትን ክብር አያነሳም። የመጠየቂያው ቀንና ሰዓት ቢታወቅ ደግሞ ለአዛውንቱ ሁለት ደስታ ይሆንለታል፤ አንዱ ጥበቃው፣ ሌላው ጉብኝቱ። ስለዚህ ቀጠሮ አይፈርስም። አንድ ጊዜ በስሜት ሄዶ ወር ከመጥፋት በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት መሄድ ይበልጣል።

ባዶ እጅን መፍራት አያስፈልግም። በባህላችን የሚይዘው ያጣ ሰው አፍሮ ታማሚ ከመጠየቅ ይቀራል፤ በድርቅ ዘመን ደግሞ ሁሉም እጁ ባዶ ነው። ይህ እፍረት ብዙ አዛውንቶችን ጠያቂ አሳጥቷል። ኢማሞች የኡሙ አይመንን ታሪክ በኹጥባ ቢያነሱት እፍረቱን ያቃልላሉ። እንዲያውም አዛውንቱ የሚያቀርበውን መቀበል ክብሩን ይጠብቃል። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ እስኪደርስ የሚቆይ እንግዳ የቤቱን ባለቤት ባለቤትነት ያድሳል።

ማዳመጥ ከመናገር ይበልጣል። ጠያቂው ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ፣ ሳይጮህ፣ ቃሉን ረጋ አድርጎ ይናገር። ጆሮው የደከመ ሰው ከንፈርን በማየት ይረዳልና። ኽምጣና አፍ የፈታ አዛውንት ኽምጣና የሚችል ጠያቂ ቢያገኝ ጨዋታው ይሞላለታል። ስለ አሞሌ ነጋዴው፣ ስለ ሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ ስለቀራበት ሸይኽ የሚነግረውን ታሪክ አሥር ጊዜ ቢደግመውም እንደ አዲስ መስማት የክብር ንግግር ካልነው ትእዛዝ ይገባል። ቁጣና ብሶትም ይመጣል፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የኡሙ አይመንን ቁጣ እንዴት እንደቻሉት አይተናል።

ምስጢር አማና ነው። ጠያቂው በቤቱ ያየውን ድህነትና የሰማውን የቤተሰብ ቅሬታ አያወራም፤ ፎቶ አንስቶ አያሰራጭም። በመሬት፣ በውርስና በኑዛዜ ጉዳይም እጁን አያስገባ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተነሳ ወደሚመለከተው ቃዲ ወይም የአገር ሽማግሌ ይመራ።

የወንድና የሴት ድንበር ይጠበቅ። አዛውንት ሴቶችን ሴቶች ቢጠይቁ ይመረጣል። ሱረቱ ኑር በ60ኛው አንቀጽ ለአረጁ ሴቶች በአለባበስ ያገራው ነገር ቢኖርም፣ ወንዶች የሚሄዱ ከሆነ ሁለት ሆነው፣ ቤተሰብ ባለበት ይሁን። አቡበክርና ዑመርም ኡሙ አይመንን የጠየቁት ሁለት ሆነው ነው።

የመስጂዱ ድርሻ

ሥራው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሥርዓት ግን ይጠይቃል። እድርና ቅሬ ለሞት ያሳዩትን ሥርዓት ለሕይወት ማዋል ነው።

በመጀመሪያ መዝገብ ይዘጋጅ። ከጁሙዓ የቀሩ አዛውንቶች ስም፣ ሰፈር፣ የሚናገሩት ቋንቋና የሚጠሩት የቅርብ ሰው ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ አዛውንት ሁለት ጠያቂዎች በተራ ይመደቡ፤ አንዱ ቢጎድል ሌላው እንዲደርስ። ሩቅ ለሆኑ ቤቶች ወደ ገበያ በሚኬድበት ቀን መንገድ የሚያልፍበት ሰው ቢመረጥ ድካሙ ይቀላል። ሦስተኛ፣ በወር አንድ ጊዜ ጠያቂዎች ከኢማሙ ጋር ተገናኝተው ማን እንደደከመ፣ ማን ሕክምና እንደሚያሻው፣ ለማን ዘካ መድረስ እንዳለበት ይነጋገሩ።

ደረሶችን በዚህ ማሳተፍ ልዩ ጥቅም አለው። በወሎ የቂርኣት ባህል ደረሳ ኪታብ ከመቅራት ጋር ሸይኹን መኻደም የትምህርቱ ክፍል ነበር። ዛሬም መምህራን ተማሪውን ወደ አንድ አዛውንት ልከው ቁርኣን እንዲቀራላቸው ቢያደርጉ፣ ልጁ ሒፍዙን ያጠናል፤ አዛውንቱም ስሕተቱን ያርማል። በዚህ ጊዜ አዛውንቱ ተቀባይ ብቻ መሆኑ ይቀራል። በዚምባብዌ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠለጠኑ አያቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቁ ሰዎችን በማዳመጥ ይረዳሉ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ የሕክምና ጥናትም ሥራቸው ጭንቀትን እንደሚያቀልል አሳይቷል። የእኛ አዛውንቶችም የሚሰጡት አላቸው፤ ምርቃት፣ ዱዓ፣ ሽምግልናና ትውስታ። የሚጠይቃቸው ሲያገኙ መስጠት ይጀምራሉ።

የልጆች ኃላፊነትም አይዘነጋ። ጠያቂ መመደብ የወላጅን ሐቅ ከልጅ ላይ አያነሳም። ሩቅ ያለ ልጅ ብር ይልካል፤ የልጁን ድምፅ የሚሰማበት ስልክ ግን አዛውንቱ እጅ ላይኖር ይችላል። ጠያቂው በስልኩ ደውሎ አባትን ከልጅ ቢያገናኝ ዝምድናን መቀጠል ነው። በረመዳን ደግሞ ከሠላሳው ሌሊት ጥቂቱን ጀማዓው አዛውንቱ ቤት ሄዶ ቢያፈጥር ሩኽሳው ያራቀውን ሰው መልሶ ያቀርበዋል።

የክርስቲያን ጎረቤት አዛውንት

በዋግ ኽምራ ሙስሊሙ ከክርስቲያን ጎረቤቱ ጋር ውሃና እሳት ተካፍሎ የሚኖር ነው። ስለዚህ «መዝገቡ የሙስሊም ብቻ ነውን?» የሚለው ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ጅብሪል ስለ ጎረቤት አጥብቆ መምከሩን የሚናገረው ሐዲስ ጎረቤትን በሃይማኖት አልለየም። ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ) በግ አሳርደው ለአይሁዳዊ ጎረቤታቸው መድረሱን የጠየቁት በዚሁ ሐዲስ ተመርተው ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ያገለግላቸው የነበረውን አይሁዳዊ ልጅ በታመመ ጊዜ ቤቱ ሄደው ጠይቀውታል። አቡ ዩሱፍ በኪታቡል ኸራጅ እንደዘገቡት ዑመር (ረ.ዐ) አንድ ሲለምን ያገኙትን አረጋዊ አይሁዳዊ ወደ ቤታቸው ወስደው ከሰጡት በኋላ፣ ከበይተል ማል እንዲረዳ አዝዘዋል። እንግዲህ በአንድ አጥር የሚዋሰኑ ክርስቲያን አዛውንት ጠያቂ ካጡ፣ ጎረቤታቸው የሆነው ሙስሊም ቀዳሚው ባለ ዕዳ ነው።

ማጠቃለያ

ሱረቱ ሩም በ54ኛው አንቀጽ የሰው ልጅ ከድካም ተነስቶ ወደ ኃይል፣ ከኃይል በኋላም ወደ ድካምና ወደ ሽበት እንደሚደርስ ያስተምራል። የመጀመሪያውን ድካም ብቻውን ያለፈ ሕፃን የለም፤ እናት ነበረችው። የመጨረሻውን ድካም ግን ብዙ ሰዎች ብቻቸውን እያለፉት ነው። ዋግ ኽምራ በድርቅና በጦርነት የደቀቀች ምድር ናት፤ ከመስጂዶቿ ብዙ እህል መጠበቅ ያስቸግራል። ግማሽ ሰዓት፣ ሁለት ሰውና አንድ መዝገብ ግን ከአቅም በላይ አይደሉም።

ኢማሞች በመጪው ጁሙዓ ሰፉን ሲያስተካክሉ የጎደለውን ሰው ያስተውሉ፤ ከሰላት በኋላም የት እንዳለ ይጠይቁ። መምህራንም ደረሶቻቸውን ወደዚያ ቤት ይላኩ። ለጀናዛ የምንፈጥነውን ያህል ለዚያራ ብንፈጥን፣ ለሟቹ የምንመሰክርለት ነገር ከሰማነው ሳይሆን ካየነው ይሆናል።

አላህ አዛውንቶቻችንን ጠያቂ አያሳጣቸው፤ እኛንም ከሚጠይቁት ያድርገን። አሚን።